ሁለቴ የተሠራው አፕ

ፍቅር ያጣደፈው ሰው ሁላችንም አይተናል። ፍቅር ያዘገየው ሰው ካላያችሁ ግን ይኸውላችሁ፤ ክረምቱን ሙሉ አንዲት ቁልፍ ከስልክ ገጽ ቀኝ ወደ ግራ፣ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ የከረመ ወጣት። ቁልፏ ምንም አልጎደላትም፤ ቀኝ ሆነች ግራ ግድ የሚሰጠው ሰውም አልነበረም። እሱ ግን ባዞራት ቁጥር ላውንደሪው ድረስ መጥቶ «እስቲ እዪልኝ፣ እንዲህ ይሻላል?» የሚላት ልጅ ነበረችው።

ልጅቷ የላውንደሪው ባለቤት ልጅ ናት። የመጨረሻ ስለሆነች ከአባቷ ጀምሮ ሁሉም «ሚጢ» ይሏታል፤ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ቆይታለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ባንኮኒው ኋላ ቆማ ልብስ ትቀበላለች፣ ኪስ ትፈትሻለች፣ በየኮሌታው ላይ የቁጥር ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ታያይዛለች። ባለ ኮቱን ትረሳለች እንጂ ኮቱን አትረሳም። ሠራተኞቹ ሲስቁባት «ሰው ይዋሻል፣ እድፍ አይዋሽም» ትላቸዋለች።

እሱ ደግሞ የኮድ ሰው ነው። እናቱ በዚሁ ላውንደሪ ጓዳ ከእንፋሎት ካውያው ሳይለዩ የሰው ሸሚዝ ተኩሰው ነው ያስተማሩት። አሁን ጉልበታቸው ከድቷቸው ቤት ውለዋል። ልጃቸው የተማረ፣ የሚከበር ሰው ሆኗል፤ ቢሆንም የላውንደሪውን የፊት በር ሲገፋ ዛሬም ያመነታል። ልጅ ሳለ የሚገባው በጓሮ በኩል ነበርና።

የባለቤቱ ልጅና የተኳሿ ልጅ። እንዴት ተገናኙ አትበሉኝ። ልብ በየት በኩል እንደምትገባ መቼ አስፈቅዳ ታውቃለች?

የሚጢ አባት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው፣ የአፑን ሥራ ለዚህ ወጣት የሰጡት ራሳቸው ነበሩ። «ደንበኞቼ ‹ደረሰ ወይ› እያሉ መጥተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ልብሳቸው ሲደርስ ስልካቸው ላይ የሚነግራቸው ነገር ሥራልኝ» አሉት። ያን ዕለት ልጁ ሲወጣ ሚጢ ጓሮ ድረስ ሸኘችው። «ሥራውን ያስረከብኩ ቀን አንቺን እጠይቃቸዋለሁ። ባዶ እጄን ፊታቸው አልቆምም» አላት።

ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ፈራች። «እኔ ‹አሁን› ሳልልህ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ማልልኝ» አለችው።

ማለላት። በእናቱ ማለ።

የሚጢ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልነበረም። ታላቅ እህቷ ቤተሰቡ የማያውቀውን ሰው አግብታ ከሄደች ወዲህ ስሟ በዚያ ቤት አይነሳም፤ ፎቶዋም ከሳሎኑ ግድግዳ ወርዷል። ሚጢ ከዚህ አንድ ነገር ተማረች፤ አባቷ ለልጃቸው የማይመጥን የሚሉትን ሰው አይምሩም። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገራትም። ባዶውን ግድግዳ እያየች ራሷ ለራሷ የተረጎመችው ነው።

አሁን ለእናንተ ብቻ የማንሾካሹክላችሁ ነገር አለ። አፑ ሥራው በተጀመረ ሳምንት ሳይሞላ አልቆ ነበር። ድሮ ቢሆን ወራት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ግን ኤአይ የሚሉት አለ። ልጁ «ደንበኛውን እንዲህ መዝግብልኝ፣ መልእክቱን እንዲህ ላክልኝ» ይለዋል፤ እሱ ኮዱን ይጽፋል፤ ልጁ ያነባል፣ ያርማል፣ መልሶ ያዘዋል። እንዲህ ሲባባሉ ሥራው ሳያስቡት አለቀ። ካለቀ በኋላ ነው ልጁን ላብ ያጠመቀው። ካስረከበ መጠየቅ አለበት። ከጠየቀ «አይሆንም» ሊባል ይችላል። «አይሆንም» ከተባለ ደግሞ ያ ባንኮኒ፣ መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ነክሳ ቀና የምትለው ልጅ፣ ሁሉም ቀረ። ስለዚህ ቁልፏን አዞረ። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ቀለም ቀየረ። «ዛሬ ደግሞ ፊደሉን ላወፍረው ብዬ ነው» እያለ መጣ።

ሠራተኞቹ «ኤሊው» የሚል ስም አወጡለት። ጋሼም አልማሩትም። «እንቁላልስ ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ» አሉት አንድ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፤ «ያንተ አፕ መቼ ይሆን እግር የሚያወጣው?»

ጓዳው በሳቅ ተናወጠ። እሱም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ሚጢ ብቻ አልሳቀችም። እሷ የምታየው የቀላ ዓይኑን ነው። የደከመውን ፊቱን ነው። ሥራው ከአቅሙ በላይ የሆነበት፣ ለእሷ ሲል የሚታገል፣ አቃተኝ ማለት ግን የሚያፍር ሰው አየች። አንጀቷን በላት።

«አግዘዋለሁ» አለች በልቧ። ማገዝ ትችል እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ።

*

እሑድ ላውንደሪው ዝግ ነው። ሚጢ የበሩን ቁልፍ ይዛ ብቻዋን ገባች፤ በፕላስቲክ ተሸፍነው በተሰቀሉት ልብሶች መሐል በርጩማ አስቀምጣ ታብሌቷን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ኮድ የማያውቅ ሰው በተራ ቋንቋ እየጻፈ አፕ የሚሠራበት አንድ የኢንተርኔት ገጽ እንዳለ ከደንበኞች ሰምታ ነበር። ከፈተችውና ሰው የምታናግር ያህል ጻፈችለት። «እኔ ላውንደሪ ነው የምሠራው። ልብስ ሲመጣ ቁጥር ስጠው። ሲደርስ ለባለቤቱ ንገረው። ሌላ አልፈልግም።»

ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሳይቆይ አንድ አፕ ፊቷ ተዘረጋ። ሐምራዊ ነበር። የማታውቃቸው ሰዎች በተርታ ተመዝግበውበታል፤ ለአንዱ ሦስት ሱሪ፣ ለአንዷ የሙሽራ ልብስ። ማሽኑ ለናሙና ብሎ ከራሱ የፈጠራቸው ደንበኞች ናቸው። «እነዚህ እነማን ናቸው? አላውቃቸውም፣ አስወጣልኝ» ብላ ጻፈች። ይቅርታ ጠይቆ አስወጣቸው። ቀጥሎ ልብሱ ገና እንደታጠበ «ደርሷል» ማለት ጀመረ። ሚጢ ተናደደች። «ታጥቧል ማለት ደርሷል ማለት አይደለም። መድረቅ አለ። መተኮስ አለ። አንተ እርጥብ ኮት ለብሰህ ታውቃለህ?»

ይህንንም አረመ። እሷ ስታዝ፣ እሱ ሲያርም፣ ሐምራዊው ነጭ ሆነ፣ ነጩ ላይ ቁጥር ተደረደረ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ አፑ ሰው ሆነ። ሚጢ በልብሶቹ መሐል ብድግ ብላ ብቻዋን አጨበጨበች። በሕይወቷ ሠርታ የጨረሰችው፣ ማንም ያላዘዛት የመጀመሪያው ነገር ነበር። ነገ ሲመጣ ጓሮ ጠርታው እንዲህ ልትለው ነው፤ «እንካ፣ ያንተ ነው በል። ዛሬ አስረክብ። ዛሬ ጠይቅ።» ፊቱ ሲበራ ታያት።

የሚልክ መሆኑን ለማየት አንድ ልብስ ያስፈልጋት ነበር። አጠገቧ የተሰቀለው የጡረተኛው ዳኛ ኮት ነበርና የኮቱን ቁጥርና የዳኛውን ስልክ አስገብታ «ደርሷል» የሚለውን ነካች። ለሙከራ ነው፣ ከዚህ ክፍል አይወጣም ብላ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይኸው ነው። ሚጢ መፍሰሱን እንኳ ሳታውቅ፣ በሩን ቆልፋ እየዘፈነች ወደ ቤቷ ሄደች።

*

ሰኞ ጠዋት ዳኛው መጡ። ኮታቸውን ተቀብለው ለበሱ፣ አንገታቸውን አቀኑና ጋሼን «ወዳጄ፣ ዘመን መጣላችሁ» አሏቸው። «ትናንት ስልኬ ጮኸ። ኮትዎ ደርሷል ይላል። እውነትም ደርሷል። እኔ በኖርኩበት ችሎት ፍርድ እንኳ እንዲህ ፈጥኖ ደርሶ አያውቅም።»

ጋሼ ፈገግ አሉ፤ ዳኛውን ሸኙ። ከዚያ ዞሩ። «ማነው የላከላቸው?»

ሚጢ የያዘችውን ኮሌታ አስቀመጠች። «እኔ ነኝ። ለሙከራ ነበር።»

«በልጁ አፕ ነው?»

«አዎ» ልትል ነበር። እጃቸው ግን ቀድሞ ታብሌቱ ላይ አረፈ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸው ለማሽኑ የጻፈችውን ማንበብ ጀመሩ። «አንተ እርጥብ ኮት ለብሰህ ታውቃለህ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ቀና አሉ። «ይሄስ የኤሊው ቋንቋ አይደለም። ያንቺ ነው።»

በዚህ መሐል በሩ ተገፋና ኤሊው ገባ። እጁ ላይ ስልኩ፣ ፊቱ ላይ ያ የተለመደ የሚያፍር ፈገግታ። «ዛሬ ደግሞ ቀለሙን ትንሽ...» ብሎ ጀመረ፤ የሚያዩትን ዓይኖች ሲያይ አቆመ።

ጋሼ ሠራተኞቹን «ወደ ሥራችሁ» ብለው ወደ ጓዳ መለሷቸው። የፊቱን በር ዘጉ። ለልጁ ወንበር ሳቡለትና ታብሌቱን ሰጡት። «ሚጢ ናት የሠራችው። በአንድ እሑድ።»

አየው። ጣቱ ገጹን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። መጀመሪያ በከንፈሩ ጠርዝ ፈገግ አለ፤ ጥሩ ሥራ ሲያይ የማይደሰት ሰው አልነበረምና። ከዚያ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። «መጠበቅ ሰለቻት» ብሎ አሰበ። «እኔን መጠበቅ ሰለቻት።»

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ሥራህም ነው» አሉ ጋሼ። «ለምን ዘገየህ?»

ያለቀው አፕ ኪሱ በከተተው ስልክ ላይ ነበር። አውጥቶ ቢያሳያቸው የሚቀጥለው ጥያቄ «ታዲያ ለምን አላስረከብክም?» ነው። ለዚያ ጥያቄ ያለው መልስ አንድ ብቻ ነው። ያን መልስ ደግሞ በእናቱ ስም ቆልፎታል።

«አልቻልኩም» አለ።

«አልቻልክም?» ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይስ ሌላ ምክንያት አለ?»

ይህን ሲሉ የሚያዩት እሱን አልነበረም። ሚጢን ነበር። እሱም ዞሮ ሚጢን አየ። የሚፈልገው አንዲት ቃል ነው። «አሁን» ብትል፣ ያለ ድምፅ በከንፈሯ ብቻ ብትል እንኳ ይበቃው ነበር።

ሚጢ ዓይኗን ሰበረች። ባንኮኒው ላይ የተበተኑትን መርፌ ቁልፎች አየች፤ አንድ አንድ እያለች ወደ ሳህኑ ትለቅማቸው ጀመር። ባዶው ግድግዳ ነበር በዓይኗ የመጣባት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ የዚያን ጠዋት ዝምታ አይቻለሁ፣ ነቅዟል።

«እሺ» አሉ ጋሼ። «እንግዲያው ሥራው አልቋል። ከእንግዲህ መምጣት አይጠበቅብህም። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።»

ልጁ ተነሳ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። በጓዳው ሲያልፍ ካውያዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር፤ ያን ቀን ማንም ኤሊው አላለውም። ስድቡ እንደ ፍቅር ይቆጠር እንደነበር የገባው ሲቀር ነው።

*

ጓሮ፣ የተሰጡት አንሶላዎች መሐል ደረሰችበት።

«ከሰለቸሁሽ ብትነግሪኝ ይሻል ነበር» አላት ሳይዞር።

«ላንተ ነው የሠራሁት።» እጅጌውን ያዘችው። «ያንተ ነው በል ብዬ ልሰጥህ ነበር። ዓይንህ ሲቀላ፣ ሲስቁብህ አላስችል አለኝ። ቶሎ ጨርሰህ ቶሎ አባዬን እንድትጠይቅ ብዬ ነው።»

ዞረ።  ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ከፍቶ ሰጣት።

ሚጢ ልብስ አዋቂ ናት፤ አንድ ነገር ያለቀ ይሁን ያላለቀ በዓይኗ ትለያለች። ይህ ያለቀ ነበር። እሷ ያላሰበችው ሁሉ አለበት። ኪስ ውስጥ የተገኘ ነገር የሚጻፍበት ቦታ እንኳ ነበረው፤ ደንበኞች «ኪሴ ውስጥ የነበረውን ነገር አጣሁት» እያሉ ሲያስለቅሷት አይቶ ኖሯል። እድፉ የወይን ይሁን የዘይት የሚመረጥበትም አለው፣ እሷ በምትጠራቸው ስም።

«መቼ ጨረስከው?»

«ሳምንት ሳይሞላ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። «ክረምቱን ሙሉ...»

«አዎ።»

«ለቁልፏ ስትመጣ...»

«ላንቺ ነው የምመጣው። የምን ቁልፍ?»

ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደገፈች። በነፋሱ አንሶላዎቹ ከበቧቸው፤ ለትንሽ ጊዜ ላውንደሪም፣ አባትም፣ አፕም አልነበረም። ከዚያ ትከሻዋን ይዞ ቀስ ብሎ አራቃት። «ግቢና ንገሪያቸው። ወይም አሁን በይኝ፣ እኔ እገባለሁ። መሐላውን ፍቺልኝ።»

«ዛሬ አይሆንም። ተቆጥቷል። ትንሽ ይብረድለት።»

«ሚጢ።» ትከሻዋን ለቀቀ። «ስላንቺ ብለው ይቆጡኝ። ይሰድቡኝ፣ ያባርሩኝ፣ እችለዋለሁ። ግን ከዚህ ቤት ሥራ አቅቶት ተባረረ ተብዬ እንዴት ልውጣ? እናቴ ዕድሜዋን ከቆመችበት ቤት? ዛሬ ስገባ ምን ልበላት?»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ‹አሁን› በይኝ።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቃሉ ግን አልወጣም። «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አለች በምትኩ።

አንገቱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን አይ ማለቱ አልገባትም። «ክረምቱን ሁሉ ጊዜ ስሰርቅ የከረምኩት ለሁለታችን መስሎኝ ነበር» አላት። ልጅ ሳለ ይገባበት በነበረው የጓሮ በር ወጣ። ሚጢ እርጥብ አንሶላ ጨብጣ ቀረች፤ ውሃው በክንዷ ሲወርድ እንኳ አልተሰማትም።

*

የሚጢ አፕ ሥራ ጀመረ። ደንበኛ መልእክት ይደርሰዋል፣ ይመጣል፣ ልብሱን ይቀበላል፣ ይሄዳል። የሚጠይቅ የለም፣ ቆሞ የሚያወራ የለም። ባንኮኒው እንዲህ ጭር ብሎ አያውቅም። ሚጢ ስትደውልለት መጀመሪያ ያነሳ ነበር፤ «ነገርሻቸው?» ይላል፤ «ገና» ትላለች። በኋላ ማንሳት ተወ። የተከፋ ሰው ተቆጥቶ ቢዘጋ ይሻላል፤ ደጋግሞ ጮኾ ብቻውን የሚቆም ስልክ ሆድ ይበላል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ ወጥተው፣ እንፋሎቱ ቆሞ፣ አባትና ልጅ ብቻቸውን ሸሚዝ ሲያጥፉ ሚጢ በድንገት አፏን ከፈተች። አልተዘጋጀችበትም። ሸሚዙ የማን እንደሆነ እንኳ አላየችም።

«አባዬ፣ እሱ ሰነፍ አይደለም። አፑን ሳምንት ሳይሞላ ጨርሶት ነበር። የዘገየው በእኔ ምክንያት ነው። እወደዋለሁ። እሱም ይወደኛል። ተቆጣ፣ የፈለግከውን አድርግ። አንድም ቃል እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሼ ማጠፋቸውን አላቆሙም። እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፉ፣ ደረቱን አስተካከሉ፣ ሸሚዙን ክምሩ ላይ አኖሩት። «አውቅ ነበር» አሉ።

«ምን?»

«አንዲት ቁልፍ ለማዞር ክረምት የሚፈጅ ሰው አለ? አባትሽ ጅል መሰለሽ? ያን ልጅ ሳውቀው እናቱ ጉያ ነው። የእሷን እጅ አውቃለሁ። የእሷ ልጅ ሥራ አያቅተውም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ከእናንተ ከአንዳችሁ አፍ ልስማው ብዬ ነው የጠበቅኩት። ያን ቀን ሰዉን ሁሉ አስወጥቼ፣ በሩን ዘግቼ ጠየቅኳችሁ። ሌላ ምክንያት አለ ወይ አልኩ። ከዚህ ወዲያ እንዴት ልጠይቅ? እሱ አንቺን አየ። አንቺ መርፌ ለቀምሽ።»

«እህቴን ግን...» አለች።

«እህትሽ ማንን እንዳገባች መቼ ግድ ሰጠኝ?» መነጽራቸውን ባንኮኒው ላይ ጣሉት። «የልጄን ሠርግ ከጎረቤት አፍ ሰማሁ። ‹እንኳን ደስ ያለህ› ሲሉኝ ለምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። እሱ ነው ያቃጠለኝ። ፎቶዋን ያወረድኩት ባየኋት ቁጥር ስለማለቅስ ነው። እሷም ልክ እንዳንቺ ፈራችኝ። ምን አድርጌያችሁ ነው እንዲህ የምትፈሩኝ፣ ሚጢ?»

 አቀፈቻቸው። አባቷን እንዲህ አቅፋ አታውቅም ነበር፤ ከአንገታቸው ሳሙናና እንፋሎት ይሸታል። ትንሽ ቆይተው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። «በይ ሂጂ። ይምጣ በይው። በፊቱ በር ይምጣ።»

ሽርጧን ሳትፈታ ሮጠች።

*

ልጁ አሁን የተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ፎቅ ላይ ነው። በየሳምንቱ ለየድርጅቱ አዲስ አፕ የሚያስረክቡበት ቦታ፤ እዚያ መዘግየት የሚባል ነገር የለም። አስጠራችው። ወርዶ ደረጃው መሐል ላይ ተገናኙ፤ እሱ ከላይ ቆመ፣ እሷ ከታች። ከስቷል። ጢሙን ተላጭቷል፣ ይህም አስከፋት፤ ያለ እሷ ሰው ሆኖ መዋል መቻሉ።

«ነገርኩት» አለች። «ሁሉንም ነገርኩት። ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። ያን ቀን የጠየቀህ ሊያዋርድህ አይደለም፣ እንድንነግረው ነው። ይወድሃል። የእናትህ እጅ ያወጣው ልጅ ሥራ አያቅተውም አለኝ። ና ብሎሃል።»

ፊቱ በራ። አየችው፤ ያ እሑድ ለብቻዋ ስታጨበጭብ ያሰበችው ብርሃን ነበር። «እንዲህ አሉ? ስለ እናቴ?»

«እንዲህ አለ። እምልልሃለሁ።»

«ይሄን እሷ ብትሰማው...» አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ያን ቀን ስገባ ምንም አላለችኝም። ‹አቃተህ ወይ ልጄ› ብቻ ነው ያለችኝ። አዎ አልኳት። ለእሷ እንኳ መናገር አልቻልኩም፤ የማልኩት በእሷ ነዋ።»

«አሁን ትነግራታለህ። አብረን እንነግራታለን።»

አንድ ሰው በደረጃው እየሮጠ ወረደና «ይቅርታ» ብሎ በመሐላቸው አለፈ፤ እሱ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፣ እሷ ወደ መደገፊያው። ሰውየው ካለፈም በኋላ በዚያው እንደተራራቁ ቀሩ። ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ሲወርድ አየች፤ የሆነ ነገር እየገባው ነበር።

«እና ሊከለክሉን አልነበረም» አለ።

«በፍጹም። አንድም ቀን አስቦት አያውቅም።»

«እኔ እኮ ሚጢ፣ አባቷን ፈርታ ነው እያልኩ ነበር የምጽናናው። አስፈሪ አባት ነው ያላት፣ ምን ታድርግ እያልኩ። በዚያ ነው ሳልቀየምሽ የከረምኩት።» ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «ታዲያ ማን ነው የከለከለን?»

ሚጢ አፏን ከፈተች። ለዚህ ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ያላት መልስ አንድ ነው፤ «አባዬ» የሚል። ዛሬ ግን አባቷ ራሳቸው ያን መልስ ከአፏ ወስደውታል። ሌላ ፈለገች፣ አጣች። እሱ ጠበቃት፤ ክረምቱን ሁሉ እንደጠበቃት አድርጎ፣ ሳያጣድፋት ጠበቃት። መልሱን ሁለቱም አወቁት፤ አውጥቶ የሚናገረው ጠፋ።

እንባዋ ሲወርድ ሊጠርግላት እጁን ዘረጋ። ጉንጯ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እጁ አየር ላይ ቆመ፤ መልሶ አወረደውና ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ።